እማዬ በአባዬ ኮት እራት የገባች ቀን

ለውድ ወንድሜ ለስትሩዋን፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የትከሻህን ሕመም ክረምቱ መልሶ ቀሰቀሰብህ ወይስ ዘንድሮ ማረህ? ባለቤትህ ናይሪስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኢስላስ መራመድ ጀመረች? እናንተ ጋ ኒውዚላንድ ብርዱ ሲጠና እኛ ጋ ፀሐይ መጥለቅ ረስታለች። እማዬም እኔም ደህና ነን፤ ጎደለን የምንለው አንተን ብቻ ነው።

ይህን የምጽፍልህ የመርከቡ ሰገነት ላይ ሆኜ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ነው። ባሕሩ በኖርዌይ ተራሮች መካከል ገብቶ እንደ መስታወት ረግቷል። መርከቡ የሚሄድ አይመስልም፤ ተራሮቹ ናቸው ቀስ እያሉ አጠገባችን የሚያልፉት። ፏፏቴው ከሩቅ ድምፅ የለውም፤ ገደል ላይ የተሰጣ አንሶላ ይመስላል። እማዬ አጠገቤ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይዟታል። ነቃ ስትል "ደረስን እንዴ?" ትለኛለች። "የት?" ስላት ትስቅና መልሳ ትተኛለች።

አሁን ስለ አባዬ ኮት ልንገርህ። ባለፈው ስትደውል "ያን ጥቁር የእራት ኮት ላኩልኝ" ብለኸኝ እሺ ብዬህ ነበር። አልልክልህም፣ ወንድሜ። ከመቆጣትህ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

አባዬ ከሞተ ወዲህ እማዬ ከሰው ጋር ገበታ ቀርባ አታውቅም። ሾርባዋን ማድቤት ቆማ ነው የምትጠጣው። መርከብ ላይም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምግቧ ክፍላችን ድረስ ይመጣላት ነበር። "እዚያ ሁሉም ባልና ሚስት ነው፤ እኔ እንደ ወለቀ ጥርስ መሃላቸው ክፍተት ልሁን?" አለችኝ።

ከዚያ የካፒቴኑ እራት ቀን ደረሰ። ጠዋት በበራችን ሥር የገባው ወረቀት፣ ወንዶች ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው እንዲመጡ ይላል። እኔ ለዚሁ ብዬ የባሕር ቀለም ያለው ቀሚስ ገዝቼላት ነበር። አየት አደረገችውና "ያምራል። አንቺ ልበሽው" አለች።

አመሻሽ ላይ ፀጉሬን ተሠርቼ ስመለስ መስታወት ፊት ቆማለች። የአባዬን ኮት ለብሳለች! ለካ ከመነሳታችን በፊት እዚያው ከተማችን ግሪኖክ ላለው ልብስ ሰፊ ሰጥታው ኖሯል፤ ትከሻው ጠቧል፣ እጅጌው አጥሯል፣ ወገቡ ገባ ብሏል። የቢራቢሮ ክራባቱን ሳይቀር አስራዋለች።

"እማዬ፣ ሴቶች ቀሚስ ነው እኮ የሚለው!" አልኳት።

"ጥቁር ኮትም ይላል። ይኸው ለበስኩ።"

"ይስቁብሻል።"

"አባትሽስ በዚህ ኮት ሲጨፍር ያልሳቀ ማን ነበር?"

"ስትሩዋን እኮ እየጠበቀው ነው" ስላት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እጅጌውን ዳበስ ዳበስ አደረገች። "ስትሩዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅለዋል። እኔ ያን አዳራሽ ብቻዬን መግባት አልችልም፣ ሮና። አባትሽን ተደግፌ ነው የምገባው" አለች። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳትም።

በር ላይ ሽበታሙ የአስተናጋጆች አለቃ ከላይ እስከ ታች አያትና "እመቤቴ..." አለ። እማዬ ቀና ብላ "ምነው፣ ክራባቴ ጠመመ?" አለችው። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ክራባቷን አቃና። "አሁን ተስተካክሏል፤ ይግቡ" አለ።

ከዌልስ ከመጡ ግዊሊምና ሜና ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ተቀመጥን። ከጎናችን ያለች ሴትዮ ሆን ብላ እንድንሰማት "ከሙዚቀኞቹ አንዷ ናት እንዴ?" አለች። እማዬ ዞር ብላ "አይደለሁም፣ የኔ እመቤት፤ ግን ዘፈን ካማረሽ አላሳፍርሽም" ስትላት ግዊሊም ሳቁ አመለጠው፣ የጠበበው ኮቱ ቁልፍም ተፈንጥሮ ሾርባው ውስጥ ገባ። "የልብስ ሰፊዎን ስም እባክዎ!" አላት።

ዓሣውን በላች፤ ጣፋጩንም ደገመች። ሙዚቃው ሲጀምር ሜና ተነስታ "የኔ ሰውዬ ጉልበቱን ያመዋል። ኮት የለበሰ ሰው ይጋብዘኝ" አለች። እማዬ እንደ ወንድ እየመራች ይዛት ወጣች። የአባዬን አረማመድ ታውቀው የለ፣ ሁልጊዜ በተሳሳተው እግር የሚጀምረውን? ልክ እንደሱ ጀመረች። በመስኮቱ ተራራው ገና ወርቅ ለብሷል። ከጀርባዋ ያን ትከሻ ሳይ፣ ማን ማንን እንደያዘ ለአፍታ ጠፋኝ። ሹካዬ እጄ ላይ ቀረ።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ "ስትሩዋን ይቆጣል?" አለችኝ። "ይቆጣ ይሆናል" አልኳት። "እንግዲያው ፊት ለፊት ይቆጣኝ። ኒውዚላንድም መርከብ ይሄድ የለ?" እናንተ ጋ እንድትመጣ ስንት ዓመት ለመንናት፣ ስትሩዋን! እየቀለደች መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን የጉዞ ሠራተኛዋን ስለ ጥር ወር ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ።

ናይሪን እቀፍልኝ። ኢስላን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። የናይሪን እናት፣ ፈገግታቸው ከዓይኔ አልጠፋም በልልኝ። እማዬ አሁን ነቅታ ሰላምታዋን እያቀረበች ነው፤ እናንተ ቤት ለእራት ምን እንደሚለበስ ቶሎ ይጻፍልኝ ብላሃለች።

እህትህ ሮና
ከመርከብ ላይ፣ ጌይራንገር አጠገብ፣ ኖርዌይ
ጁን 19