ለቀይዋ መኪና ሽማግሌ ለላኩት ሥራ አስኪያጅ

ኅዳር 1990 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

በቦሌ መንገድ ለሚገኘው የመኪና አስመጪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የዚያን አዲስ የእሽቅድምድም መኪናዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የሃያ ሁለት ሰፈር ሰዎች፣ ጎረቤታችንን ዓብዱን ቀና ብለን ማየት ካቃተን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

እንደሚያስታውሱት፣ መካኒኩ ዓብዱ አንድ ጣሊያን ትቷት የሄደውን ቀይ መኪና ከዝገት አንስቶ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ለማንም አልሸጥም ብሎ ኖሯል። ልጁን ፈዲላን በዚያች መኪና ሊድራት ቃል ገብቶላት ነበር። ገንዘብዎን እምቢ ሲልዎ፣ ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ላኩበት፤ ሐጂ ኢክሪማን፣ አቶ በዳሳንና እኔን። ስለዚህም ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. አዲሱ ሞዴል ከገባ ወዲያ አሮጌዋ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንኳ እንደማታወጣ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እኛም የተማርነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ለዓብዱ አስተማርን፤ ገዢ ሳይጠፋ ሽጣት፣ ለሠርጉ አዲስ መኪና ትከራያለህ አልነው።

2. ትምህርቱ ግማሹ እንደቀረ ያወቅነው ባለፈው ሳምንት በመስታወትዎ አሻግረን ስናይ ነው። ቀይዋ ታጥባና ተወልውላ ከአዲሱ ፊት ቆማለች፤ ለሽያጭ አይደለችም የሚል ጽሑፍም ተለጥፎባታል። ሠራተኛዎ ወይዘሪት ሀይሚ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ፋብሪካው በዚያው ስም አዲስ መኪና ሲያወጣ የጥንት መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያዋን መሻማት እንደጀመሩ፣ እንደ እርሷ ያለ ዳግመኛ ስለማይሠራም ዋጋዋ ጣራ እንደነካ በትሕትና አስረዳችን። እርስዎ ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት ይህን ማወቅዎን ስንሰማ በአዋቂነትዎ እጅግ ተደነቅን።

3. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ዓብዱ የተረታው በእርስዎ ብልሃት ሳይሆን፣ የአባቱ ወዳጅ የነበርኩት እኔ ከደጁ ቆሜ እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም ስላልኩት ነው። በወሎ ወግ ያደገ ሰው ነውና ሽማግሌ አሳፍሮ መመለስ አልሆነለትም። ቁልፉን ሲሰጠኝም እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ መረቅሁት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በእኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። አፍሬያለሁ፤ እንቅልፍም የለኝ።

የፈዲላ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል። ስለዚህ እኛው ሦስታችን በመጪው ሰኞ ጠዋት ከመስታወት በርዎ ፊት እንቆማለን፤ ገንዘብዎ ሳይነካ ተቀምጧልና ተቀብለው መኪናዋን ለአባትየው እንዲመልሱለት እንለምንዎታለን። ወንበር በማስቀረብ እንዳይደክሙ፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም።

ሽማግሌ መላክ የሚያውቅ ሰው ሽማግሌ ማክበርም እንደማይቸግረው ያለኝን ጽኑ እምነት እየገለጽኩ፣ ከፍ ያለ ምስጋናዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

መኩሪያ ደጀኔ
ድሮ ሽማግሌ ይባል የነበረው፣ ከሃያ ሁለት

ማስታወሻ፦ ለሽምግልናችን ያለበሱንን ጋቢዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰናል። የሁለቱ እንደታጠፉ ናቸው። የእኔ ግን ታጥቦ ነው የመጣው፤ ለብሼው ዓብዱ ቤት ሄጄበታለሁ። እሱም ከማን እንደተሰጠኝ ሳያውቅ፣ በጤና ይልበሱት ብሎ መርቆኛል። ምርቃቱንም አብሬ ልኬልዎታለሁና፣ እርስዎም በጤና ይልበሱት።