በካርታው ሰበብ አባባን ለካደው ወንድሜ

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? ትንሿ ልጅህስ፣ ሳሉ ለቀቃት? «ጋሼ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እማማ ደህና ናት፤ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። አባባን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም።

በጋዜጣ «ያ ሰው አባቴ አይደለም» ያስባለህን ካርታ መቼም አላየኸውም፤ እዚያ አገር እሱን ይዞ መገኘት ያሳስራል አሉ። ስለዚህ ልንገርህ። አባባ እያንዳንዱን አገር በድንበሩ ቅርጽ ሰው አድርጎ ሳለው። የምትኖርበትን አገር ገዢ፣ ያን ጉልቤ፣ ቢላዋ እየሞረደ ጎረቤቶቹን በዓይኑ የሚመትር ባለልኳንዳ አደረገው። አንዱ ጎረቤት ጆሮውን በትራስ ደፍኖ ተኝቷል። የእኛን አገር ደግሞ ተንበርክኮ የጉልቤውን የጫማ ክር የሚያስር ሎሌ አደረገው። ካርታው ከማተሚያ ቤታችን ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የተሸጠው። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ አጠገብ ሰቅሎት፣ አንድ ደንበኛ እየተላጨ ሲስቅ አገጩን ተቆረጠ።

የጉልቤው ኤምባሲ አቤት አለ። የእኛዎቹንም የጫማ ክሩ ነገር አንገብግቧቸው ነበርና በጠራራ ፀሐይ መጥተው ማተሚያውን በመዶሻ አደቀቁት፤ አባባንም ወሰዱት። መርማሪው ይቅርታ ጠይቅና ሎሌውን አጥፋው፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አለው። አባባም፣ «መጀመሪያ እናንተ ከተንበረከካችሁበት ተነሱ፤ ያኔ አጠፋዋለሁ» አለ።

ዱላውን ቻለው። ያንተን ጽሑፍ ግን አልቻለውም። መርማሪው ጋዜጣውን አምጥቶ ጮክ ብሎ አነበበለት። አብሮት የታሰረው ጫማ ሰፊ እንደነገረኝ፣ አባባ ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ፤ እህል የሚባል አልቀመሰም። አሁን ተፈቷል። ቀኝ እጁ ግን እርሳስ አይጨብጥም፤ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ።

ለእማማ ስትጽፍ «ለልጄ ጉሮሮ ብዬ ነው» አልክ። የልጅ ጉሮሮ የሚደፈነው የአባት አንገት ላይ ተቁሞ ነው እንዴ? ጉልቤው ሥርዓት አመጣ፣ ጎዳናው ጸዳ ብለህም አሞገስከው። ቄራም እኮ ከእርዱ በፊት ይታጠባል።

ይኸው የጉልቤው ወታደር ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ድንኳን ተክሏል። በድልድዩ የሚመላለሱት አትክልት ሻጮች መሻገር ትተዋል። ጉልቤው መጤውንም ሳይቀር ለጦር እየመለመለ ነው ይባላል። አባባ ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ የፈራው ለራሱ እንዳይመስልህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በዚህ ነገር እጇ የለበትም። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ ዛሬም ስምህን እየጠራች ታለቅሳለች፤ ናፍቆቴን ንገሪልኝ ብላለች። አባባ ደግሞ ወንድምሽ የዚያን ሰው የወታደር ልብስ ለብሶም ቢሆን ከመጣ በሩ እንዳይዘጋበት ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሱ አባት ነው። እኔ እህት ነኝ፤ ቁልፉም ያለው እኔ ጋ ነው።

እህትህ
ከተዘጋው ማተሚያ ቤት ፎቅ
ጥቅምት ፲፪ ቀን