የውሸቱ ሊፍትና የገብርኤል ጥላ

ይዲድያ፣

ምስር ወጡ ፍሪጅ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ወጥ ቶሮንቶ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚሠራ የለም።

በሩ ጋ ያቆምኩትን ባለ ዘርፍ ጥላ ለዝናብ ብለህ እንዳታወጣው። የቅዱስ ገብርኤል ነው።

ብሉር መንገድ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ሊፍት እንደምትፈራ ማውራቴ አናዶህ ሕክምናውን ልተወው ብለሃል። እኔ ያወራሁት አድንቄህ ነው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሰው ይስቃል። አንተስ ወጤን ጨው በዛበት ያልከው ሰው ፊት አይደል?

ለማንኛውም ስማኝ። ባለፈው ለሕክምናው አጅቤህ ስሄድ፣ አንተ መጸዳጃ ቤት እንደገባህ ያንን ዓይን ሸፍኖ ሊፍት ውስጥ ያለህ የሚያስመስል የኮምፒዩተር ቆብ ዶክተሯን አስፈቅጄ አጠለቅኩት።

«ይኼማ የልጅ ካርቱን ነው!» አልኳት።

ከዚያ የውሸቱ ሊፍት መውጣት ጀመረ። አውሮፕላን እንኳ እዚያ ከፍታ ደርሶ አያውቅም! የዶክተሯን ካፖርት ጨምድጄ፣ «ገብርኤል፣ በሰላም ካወረድከኝ ጥላ አገባልሃለሁ!» ብዬ ተሳልኩ።

«ሰር፣ ወለሉ ላይ እኮ ነው የቆሙት» ትለኛለች።

ሊፍቱ የውሸት ቢሆንም ስለቱ የእውነት ነው፤ ገዛሁት።

አንተን ግን ቆቡን አጥልቀህ አይቼሃለሁ። ላብህ ተንጠፈጠፈ እንጂ ማንንም አልጠራህም።

ይቺን ወሬ ብሉር ወስደህ ማውራት መብትህ ነው። ብቻ ከፍታውን እንዳትቀንስብኝ።

ዛሬ ሕክምናው በእውነተኛው ሊፍት ነው። ና። አሥራ ስምንተኛው ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት ፊትህ የምታገኘው እኔን ነው።

በጠዋት ከቤት የወጣሁት እኔ በደረጃ ስለምወጣ ነው።

ጋሽ ስለሺ