ግድግዳው ላይ የቀሩ ቃላት

ጥቅምት 4
ስድስት ዓመት የደበቅሁትን ዛሬ ልጻፈው። ባለቤቴን ለእንግሊዝኛ ፈተና የጠራውን ደብዳቤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳይጠሯት የቀሩ መሰላት። "አልበቃሁም ማለት ነው" አለችና መማሯን ተወች። እኔም "አይዞሽ" አልኳት። እንዴት አፌ ቻለ?

ብታልፍ ሆስፒታል እንግዳ ተቀባይ ልትሆን ነበር። እኔ ቧንቧ ጠጋኝ... ትንቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ንቃኝ አታውቅም።

ዛሬ ሥራ ሁለት ቤት ብቻ። አንዱ ጋ የተደፈነ መታጠቢያ።

ጥቅምት 9
ባለቤቴ ታጠናባቸው የነበሩ ወረቀቶች ዛሬም እንደተለጠፉ ናቸው። ቧንቧው ላይ "ተርን ኦፍ"፣ ዝጋ። ቁም ሣጥኑ ላይ "ፑት አዌይ"፣ ቦታው መልስ። ራስጌ ግድግዳው ላይ "ዌክ አፕ"፣ ንቃ። ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ ጮክ ብዬ እላቸዋለሁ። ስሳሳት ከኋላዬ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እሰማለሁ። ዞር ስል... ማንም የለም።

ማን እንዲያርመኝ ነው የምፈልገው?

ጥቅምት 15
ልጄ ከሥራ መልስ መጣች። እሷም ለሥራ እድገት እንግሊዝኛ ልትፈተን ነው፣ ሰኞ።

"አባዬ፣ አልሄድም። ሉክ አፍተር፣ ሉክ ፎር፣ ሉክ ኢንቱ... የቱ መንከባከብ፣ የቱ መፈለግ፣ የቱ መመርመር እንደሆነ ተደበላለቀብኝ።"

"እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ እየሞከርኩ ነው።"

"የአንተ እንግሊዝኛማ ራሱ ጠጋኝ ይፈልጋል።" ሳቀች። ሳቅሁ። ቀጥላ ግን "እማዬም ያን ያህል ለፍታ አልሆነላትም። የቤታችን ጭንቅላት ነው የማይቀበለው" አለች።

ወጥ ቤቱ በር ላይ እናቷ የቆመች መሰለኝ። ታየኛለች።

መናገር ነበረብኝ። እራት አቀረብኩ።

ጥቅምት 16
ጸለይኩ። ለእግዚአብሔር ስንቴ ነግሬዋለሁ... እሱማ ድሮም ያውቀዋል። የማታውቀው ልጄ ናት። ብነግራት ትጠላኝ ይሆን? ካልነገርኳት ደግሞ ያቃጠልኩት ሁለት ደብዳቤ ሊሆን ነው።



ጥቅምት 17
ነገርኳት።

መሥሪያ ቤቷ ደጃፍ ጠበቅኋት። ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀመጥን። "እናትሽ ጭንቅላት አላነሳትም። ለፈተናው ጠርተዋት ነበር። ደብዳቤውን እኔ አቃጠልኩት።" እንዲሁ፣ ሳልቀባባው።

ሁለት አውቶቡስ አለፈን።

"እሷ አወቀች?"

"ሳታውቅ ሞተች።"

"ቀብሯ ላይ እንደዚያ እያለቀስክ..." አልጨረሰችውም። አባዬ አላለችኝም። ይቅርታም አልጠየቅኋት፤ ይቅር ማለት የምትችለዋ የለችም።

ሦስተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተነስታ ተሳፈረች። በመስኮት ዞር ብላ አላየችኝም። የእንግሊዝኛ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ስትገልጥ ግን አየሁ።