ፓስፖርትሽ እኔ ጋ ነው

አባይነሽ፣

ውኃ መጥቷል፤ በርሜሉን ሙዪ።

ፓስፖርትሽን ሣጥንሽ ውስጥ አትፈልጊ። ከእኔው ጋር ይዤው ሲግናል ሄጃለሁ፤ ልጄ ዮዳሄ የምትሠራበትና እንድንሳፈርበት የጋበዘችን መርከብ ወኪል ቢሮ። የአውሮፕላኑን ትኬት በእነሱ በኩል እቆርጣለሁ።

ትናንት ያ የትኬት ደላላሽ «በራሳችሁ ቁረጡ፣ ዱባይ አርፋችሁ ትሄዳላችሁ» ሲልሽ ልብሽ ሱቅ ገባ። እኔን ደግሞ «ፊደል የቆጠርሽው አምና፤ ስለ አውሮፕላን ምን ታውቂያለሽ?» አልሽኝ።

እሺ። የመርከብ ድርጅቱን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በራሳችን ቆርጠን አውሮፕላኑ ቢዘገይ፣ መርከቡ ጥሎን ይሄዳል። በእነሱ በኩል ከሆነ ግን እስከሚቀጥለው ወደብ የሚያደርሱን እነሱ ናቸው። አንቺ ይህን አንብበሻል?

ልጄ እዚያ መርከብ ላይ አልጋ ስታነጥፍ ስድስት ዓመት አላየኋትም። ለዱባይ ጨርቅ ብዬ ወደብ ላይ ቆሜ መርከቧን አልሸኝም።

ሳልነግርሽ መውሰዴን አውቃለሁ። ብነግርሽ አትሰጪኝም ነበር።

የመስኮቱን ወንበር ላንቺ እጠይቃለሁ።

የመመለሻውን ትኬት አንቺ ቁረጪ፤ ከፈለግሽው ደላላ። ዱባይም እግራችን እስኪዝል እንዞራለን። ያኔ ልጄን አይቻታለሁ፤ አውሮፕላኑ እንደፈለገ ይዘግይ።

የዮዳሄ እናት