የባርኔጣ ሻጩ ስም

ውድ ጋሼ መሳፍንት፣

ልጅዎ ጋ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ድሮ ብር የሚያዋራኝ ሰው አጥቻለሁ። ማርትሬዛ ስል ይሰሙኛል፤ ነጋዴ ለማስታወቂያ ስሙን የመታበት የአሜሪካ ብር ስል ግን ይስቁብኛል። እርስዎ ብቻ ነበሩ “ፈልጊ፣ አይጠፋም” የሚሉኝ። ይኸው አገኘሁ!

ባለፈው ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ወርጄ ብር አንጥረኛው አንሙት ዘንድ ጎራ አልኩ። እማሆይ ወለተ ኪዳን የሚባሉ እናት ያንገታቸው ብር ማንጠልጠያው ተሰብሮባቸው ሊያስበይዱ ተቀምጠዋል። ብሩን ሳየው ክው አልኩ። የተቀመጠች ሴት፣ ዙሪያዋን ከዋክብት፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ በመዶሻ የተመታ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት።

“እማሆይ፣ ይሽጡልኝ” አልኩ ሳላስበው።

“ምን ነካሽ ልጄ! እመቤታችን ትሸጣለች? ከናቴ አንገት የወረደች ናት።” ቀጠል አድርገው፣ “ከተማርሽማ ይህ ጽሕፈት ምን ይላል? ቄሶቹም አላወቁልኝ።”

ጋሼ፣ ጨነቀኝ። እውነቱን ብናገር እምነታቸውን መንካቴ ነው። ደግሞ ልባቸው ከብሩ ከራቀ ይሸጡልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ በዚህ አፈርኩ። መዋሸትም አልሆነልኝ።

“‘ሃርሎ፣ ባርኔጣ ሻጭ’ ነው የሚለው። ሴትዮዋም አሜሪካኖች ነጻነትን በሴት መስለው የቀረጿት ናት።”

አንሙት ወናፉን ተወ። እማሆይ ብሩን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

“ገበያ ቢያጣ ነዋ እሷ ትከሻ ላይ የወጣ! ለነሱ የወደዱትን ትሁን። እኔ የእመቤቴን ስም ስጠራባት ነው የኖርሁ።” ከዚያም፣ “ሰውዬው ሞቷል?”

“ኧረ ድሮ!”

“የክርስትና ስሙስ?”

“አላውቅም።”

“እንግዲያ እስክታገኚልኝ በዓለም ስሙም ቢሆን በጸሎቴ አስበዋለሁ።”

አልሸጡልኝም፤ ደስም አለኝ። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ፎቶ አይጠቅምዎትምና፣ ከጧፋቸው ቆርሰው በሰጡኝ ሰም ላይ አትሜ ልኬልዎታለሁ። ፊደሉ ተገልብጦ ነው የወጣው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይዳስሱት።

ብሩ እንዴት ጎጃም እንደገባ የሚገምቱትን ለልጅዎ ነግረው ያስጽፉልኝ። የሰውዬውን ሙሉ ስም ካገኙልኝማ ቶሎ ይበሉ፤ እማሆይ እየጠበቁ ነው።

መጠየቅ የማትተወው ተማሪዎ፣
ፍቅርአዲስ