ልጃችን ያንተን ወንበር ፈለገች

ለነገረኛው ባሌ፣ ለዴክላን፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። በአማርኛ የምጽፍልህ፣ ስፈራ እንግሊዝኛው ስለሚጠፋብኝ ነው። አንተም ብትሆን ቁጣዬን ሁሉ በአማርኛ ለምደኸዋል። ዴክዬ፣ ፈርቻለሁ።

ማርታችን ለከተማው ምክር ቤት ልትወዳደር ነው፤ አንተ ተመርጠህ ለተቀመጥክበት ለዚያው ወንበር። ፌርፋክስ መንገድ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ የተለጠፈ ፎቶዋን ዓይኗ ላይ በቢላ ጭረውታል። ትናንት ደግሞ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቤታችን ፊት ቆሞ ቆየ። እስኪሄድ ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጠበቅኩ። እሷ ግን ምንም አይደለም ትለኛለች። ያንተው ልጅ!

ያወቅኩህ ጠበቃ ሆነህ ፓርኪንግ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ስትከራከር ነው። አየርላንድ ሳሉ ቅድመ አያቶችህን ባለመሬቱ አባሯቸው ነበርና፣ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ስታይ ደምህ ይፈላል። ሊበራል ጓደኞችህ እንኳ አበዛኸው እያሉ ይሸሹህ ነበር።

ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ያለውን የኪራይ ሕንፃ፣ ባለቤቶቹ ተከራዮቹን አስወጥተው ሊያፈርሱት የተነሱ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ምክር ቤት ድምፅ ልትሰጥ ስትወጣ፣ እናቴ እንዳስለመደችህ በሩ ላይ አንገትህን ደፍተህ ምርቃት ጠበቅክ። እኔ ፈርቼ ዝም አልኩ። አንተ ደረጃው ላይ ቁጭ! ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ ሰውየው ንቅንቅ የለም። ሲጨንቀኝ መረቅኩህ። ሄደህ ለብቻህ ተቃወምክ። በሳምንቱ መስኮታችን በድንጋይ ተሰበረ፤ በምርጫውም ጣሉህ። ነገሩ ግን ባንተ ጩኸት ፍርድ ቤት ደርሶ ሕንፃው ተረፈ። ከተከራዮቹ አንዷ እትዬ አልማዝ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ ቀብርህ ላይ ልጄ፣ ልጄ እያሉ አለቀሱልህ።

ዛሬ ጠዋት ማርታ ከቤቷ መጣች። የመጀመሪያ ንግግሯን ልታደርግ ነው። ካልመረቅሽኝ እተወዋለሁ ብላኛለች። በሩ ላይ አንገቷን ደፋች። ዝም ብል ልጄ ትተርፍልኛለች ብዬ አፌን ዘጋሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች! ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ለካ በመስኮት ታይህ ነበር።

ምን ላድርግ? በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ አልኳት። አሜን ብላ ሄደች።

አሁን በሩን ከፍቼ መንገድ መንገዱን አያለሁ። አልረሳህም ዴክዬ። ከእንግዲህ እሷን ስመርቅ ያንተንም ስም አብሬ እጠራለሁ። አንተም ካለህበት ልጄን ጠብቅልኝ።

ፈሪዋ ሚስትህ፣
አስቴር